ቱቦው ምን አጠፋ?

በ1932 የወጣ ፎርድ ነው እንበል፤ ወይም ከዚያ ጥቂት ዓመት የሚቀድም። ፓራፋንጎዎቹ ተነቅለዋል፤ ኮፈኑ የለም፤ ሞተሩ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይመስል ተገልጦ ይታያል። መኪናው ከፊቱ ጎንበስ፣ ከኋላው ቀና ብሏል። አሜሪካኖች "ሆት ሮድ" ይሉታል። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ ፊልም ላይ አይቶት መልኩን ያውቀዋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በተራ መኪና ላይ የፊት አክስል ማንም የማያየው ዕቃ ነው። መካኒክ ካልሆነ ማን ጎንበስ ብሎ ያየዋል? ሆት ሮድ ላይ ግን የሚሸፍነው ነገር ሁሉ ተነቅሎ ስላለቀ አክስሉ ራሱ የመኪናው ፊት ሆኖ ቀርቷል። ከአንዱ ጎማ እስከ ሌላው የተዘረጋ ብረት፣ በላዩ የተጋደመ ባሌስትራ፣ ከሁለቱ ጫፎች ተነስተው ወደ ሻንሲው የሚሄዱ ክንዶች። በቃ ይኸው ነው። ባለቤቶቹ ይወለውሉታል፣ ክሮም ያስነክሩታል፣ ፎቶ ያነሱታል። ይጣሉበታልም።

ጠቡ ከውጭ ለሚያየው ሰው ያስቃል። አክስሉ ሁለት ዓይነት ቅርጽ ሊኖረው ይችላል። አንደኛው ቢቆረጥ ፊቱ የባቡር ሐዲድ የሚመስል፣ ከላይና ከታች ሰፋ ብሎ መሐሉ የቀጠነ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ ድፍን ብረት ነው። "አይ ቢም" ይባላል። የአይሱዙ ጭነት መኪናን የፊት ሆድ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የዚህን ዘመድ አይቷል። ሁለተኛው ክብ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነ ወፍራም ቱቦ። "ባህላዊ ሆት ሮድ" የሚባለውን የሚወዱ፣ ማለትም መኪናው በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ይሠራ እንደነበረው ካልተሠራ አይሆንም የሚሉ ሰዎች፣ ቱቦውን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። "ይሄማ ከካታሎግ የተገዛ የኋላ ዘመን ዕቃ ነው" ይላሉ። የቱቦው ወዳጆች ደግሞ "ቱቦ እኮ ድሮም ነበረ" ብለው የቆየ ፎቶግራፍ ያወጣሉ። ከዚያ ወዲያ ፎቶ በፎቶ ነው።

ሁለቱ ወገኖች ሳያስተውሉት በአንድ ነገር ተስማምተዋል። ጥያቄው "ቱቦው በዘመኑ ነበረ ወይስ አልነበረም?" የሚል ነው ብለው ያምናሉ። ይህ ጥያቄ አጭር መልስ አለው። ነበረ። ቱቦው የተጣላው ከዘመኑ ጋር ሳይሆን አብሮት ከሚታሰረው ዕቃ ጋር ነው። ይህ ደግሞ ፎቶ ላይ አይታይም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ሄንሪ ፎርድ እንመለስ።

ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። መኪናው ሲወጣ የአሜሪካ ገጠር መንገድ አስፋልት አያውቅም ነበር። ጭቃ ነው፣ የጋሪ ጎማ የቦረቦረው ነው፣ ድንጋይ ነው። ፎርድ ለዚህ መንገድ የሠራው የፊት እገዳ በጣም ርካሽና በጣም ብልህ ነበር። አንድ አክስል፣ አንድ ባሌስትራ። ባሌስትራው እንደ ጭነት መኪና ባሌስትራ በመኪናው ቁመት ሳይሆን ወርዱን ይዞ ተጋድሟል። መሐሉ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፤ ሁለት ጫፎቹ አክስሉን ይሸከማሉ። አክስሉ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ ደግሞ ከግራና ከቀኝ ሁለት ዘንጎች ተነስተው ወደኋላ እየጠበቡ ሄደው ይገናኛሉ። ቅርጹ ከዶሮ ብልት ውስጥ የፈረሰኛውን አጥንት ስለሚመስል አሜሪካኖችም ስሙን ያወጡለት ከዶሮ አጥንት ነው። ሁለቱ ዘንጎች የተገናኙበት ጫፍ ከሞተሩ ኋላ ግርጌ ላይ እንደ ትከሻ አጥንት ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚዞር አንድ ኳስ ይታሰራል።

ብልሃቱ ያለው "አንድ ኳስ" የሚለው ላይ ነው። አክስሉና ሁለቱ ዘንጎች አንድ ላይ ባለሦስት ማዕዘን ሆኑ። የግራው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሦስት ማዕዘኑ በሙሉ በኳሱ ዙሪያ ያዘነብላል፤ ድንጋዩ ሲያልፍ ይመለሳል። ማንም ከማንም ጋር አይጓተትም። በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ድስት መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው። ፎርድ ይህን ባለወርድ ባሌስትራና ድፍን የፊት አክስል ይዞ እስከ 1948 ሞዴል ድረስ ዘለቀ። እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር የመጣው በ1949ኙ ፎርድ ነው። ሌሎቹ አምራቾች ከቀየሩ ብዙ ቆይተው ነበር፤ ሄንሪ ግን የያዘውን ነገር ቶሎ የሚለቅ ሰው አልነበረም።

ሆት ሮደሮች የመጡት በዚህ መሐል ነው። ደቡብ ካሊፎርኒያ፣ ሙሮክና ኤል ሚራጅ የተባሉ የደረቁ የሐይቅ ወለሎች፣ ያረጀ ፎርድ በጥቂት ዶላር የሚገዙ ወጣቶች። ውድድራቸውን የሚመራው ማኅበር በ1937 ተቋቋመ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በሠራዊቱ ውስጥ ብየዳና ሞተር የተማሩ ወጣቶች ተመልሰው ነገሩን አጧጧፉት። "ሆት ሮድ" የተባለው መጽሔት በጥር 1948 መታተም ጀመረ። የሚፈልጉት ቀላል ነገር ነበር፦ ክብደት መቀነስ፣ መኪናውን ወደ መሬት ማውረድ፣ ትልቅ ሞተር መክተት።

ትልቁ ሞተር ነው ነገሩን ያመጣው። ሞተሩና ካምቢዮው ሲቀየሩ ያ ኳስ የሚታሰርበት ቦታ ይጠፋል። ቦታው ቢኖርም የሞተሩ የዘይት ቋት ወይም የጭስ ማውጫው መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ፈረሰኛውን መሐሉ ላይ ቆረጡት። ግራው ዘንግ ወደ ግራው የሻንሲ ክንድ፣ ቀኙ ወደ ቀኙ ሄዶ እያንዳንዱ በየራሱ መገጣጠሚያ ታሰረ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ የመሪ ዘንግ ጫፍ ለዚህ በደንብ ያገለግል ነበር። ቆንጆም ሆነ። ከሩቅ የሚታዩት፣ ከአክስሉ ተነስተው በጎንና በጎን ወደኋላ የሚሄዱት ሁለት ዘንጎች ዛሬ የባህላዊው ሆት ሮድ መለያ ናቸው። በኋላ እያንዳንዱን ዘንግ የፀጉር ማስያዣ በሚመስል ጥንድ ዘንግ የተኩም አሉ፤ ከአክስሉ ላይና ታች ይታሰርና ከኋላ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል።

ሦስቱ ጉልቻ አራት ሆነ ማለት ነው። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ ጉልቻ ሲጨመር ግን ድስቱ ይንገዳገዳል።

አሁን ያው የግራ ጎማ ያው ድንጋይ ላይ ሲወጣ የሚሆነውን እንይ። የግራው ዘንግ የሚዞረው በራሱ የኋላ መገጣጠሚያ ላይ ብቻ ነው። ዘንጉ አንድ ሜትር ያህል ይረዝማል እንበል። ጎማው 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ዘንጉ አራት ዲግሪ ያህል ይነሳል። ዘንጉ ከአክስሉ ጋር ጥብቅ ብሎ የታሰረ ስለሆነ የአክስሉ ግራ ጫፍም አራት ዲግሪ ወደኋላ ይዞራል። ቀኙ ጎማ ግን ደልዳላ መንገድ ላይ ነው፤ የቀኙ ጫፍ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ አንዱ ብረት በአንድ ጫፉ አራት ዲግሪ ዙር ተብሏል፣ በሌላው ጫፉ ቁም ተብሏል። ያለው ምርጫ መጠምዘዝ ብቻ ነው። ፎርድ ሲነድፈው ከአክስሉ ያልተጠየቀ ሥራ ነው ይህ።

አይ ቢሙ ይህን ሲጠየቅ እሺ ይላል። ቱቦው እምቢ ይላል። የጠቡ ሥር ይኸው ነው።

ለምን እንደሆነ ቤት ውስጥ መሞከር ይቻላል። ያለቀ ሶፍት መሐል ላይ የሚቀረውን ክብ ካርቶን ውሰዱ። ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ የታጠበ ልብስ እንደምትጨምቁ ጠምዝዙት። ተራ ካርቶን ነው፤ ግን ይታገላችኋል። አሁን በመቀስ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሰንጥቁትና እንደገና ጠምዝዙት። ያለምንም ትግል ይዞራል። ከካርቶኑ ላይ ምንም አልቀነሳችሁም፤ ክብደቱም ውፍረቱም ያው ነው። የተቀየረው ዙሪያው መከፈቱ ብቻ ነው። ዙሪያው የተዘጋ ቅርጽ ለመጠምዘዝ እጅግ ያስቸግራል፤ ክፍት የሆነ ቅርጽ በቀላሉ ይጠመዘዛል። በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ ቱቦላሬንና ኤል ብረትን በእጁ ይዞ ስለሚያውቃቸው ይህን ማንም እንዲነግረው አያስፈልግም። አይ ቢም የቱንም ያህል ቢወፍር ክፍት ቅርጽ ነው። ሸክም በመሸከም ጎበዝ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች አይጎብጥም። ሲጠመዘዝ ግን ይታዘዛል። ሆት ሮድ ላይ የሚገቡትን ሁለቱን አክስሎች በተለመደው ልካቸው ብናወዳድር ቱቦው ለመጠምዘዝ ከአይ ቢሙ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠነክራል።

ፎርድ ራሱ ይህን የአይ ቢም ጠባይ እንደ ነውር አልደበቀውም። የሞዴል ቲን የፊት አክስል ሳያግለው እየጠመዘዘ፣ ሳይሰበር ለገዢ ያሳይ ነበር። ቫናዲየም የተቀላቀለበት ብረት ነው እያለም ይኩራራበት ነበር።

ጋራዥ የገባ ደንበኛ ሁሉ "ጠንከር ያለውን አስገባልኝ" ማለት ይወዳል። እዚህ ግን ጠንከር ያለው ነው ጣጣ የሚያመጣው። አክስሉ አልጠመዘዝም ሲል አራቱ ዲግሪ የትም አይጠፉም። ሌላ ቦታ ፈልገው ይገባሉ። መገጣጠሚያው ላይ ጎማ ካለ መጀመሪያ ጎማው ይጨመቃል። ከዚያ ዘንጉ ይጎብጣል። ከዚያ ዘንጉን ከአክስሉ ጋር የሚያይዘው ጆሮ፣ ብሎኑ፣ ወይም ሻንሲው ላይ ያለው ብየዳ ይጎተታል። በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሆንም። በመጀመሪያው ወርም እንዲሁ። ቀጭን ሽቦ በእጅ ለመቁረጥ የሚፈልግ ሰው አንዴ አጥፎ አይተወውም፤ ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ያደርገዋል። መንገድ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጉድጓድ አንድ "ወዲያና ወዲህ" ነው። ስንጥቁ የሚጀምረው ደግሞ ቀለም ወይም ክሮም ሸፍኖት በማይታይበት፣ ብየዳው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው።

ባይሰበርም መኪናው ላይ ስሜቱ አለ። የዛሬ መኪኖች ኩርባ ላይ እንዳያጋድሉ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ ቀጭን ዘንግ አላቸው፤ አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላውንም በመጠኑ ይዞት ይነሳል። በተቆረጠ ፈረሰኛ የታሰረ ቱቦ የዚያ ዘንግ ወፍራም ወንድም ይሆናል፤ ልኩን ማንም ያልለካለት፣ ማንም ያላዘዘው። ግራው ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ቀኙ ጎማም ይደነግጣል። ወደ ግቢ መግቢያ ሰያፍ ሲወጣ መኪናው በሦስት ጎማ ለመቆም ይዳዳዋል።

አሁን ወደ ታሪኩ ክርክር እንመለስ፤ እዚህ ላይ ለቱቦው ወዳጆች ሊፈረድላቸው ይገባል። ፎርድ በ1937 ትንሽ ቪ ስምንት ሞተር ያለው ቆጣቢ ሞዴል አወጣ። ሞተሩ 2.2 ሊትር፣ ጉልበቱ 60 የፈረስ ጉልበት ነበር፤ ትልቁ ወንድሙ 3.6 ሊትርና 85 ነበር። ቆጣቢው መኪና ክብደት እንዲቀንስ ፎርድ የቱቦ የፊት አክስል ሰጠው። እስከ 1940 ድረስም ተሠራ። ገዢዎቹ ለሞተሩ ብዙም ፍቅር አልነበራቸውም፤ 60 የፈረስ ጉልበት ያንን መኪና ዳገት ላይ ያስለቅሰዋል። ተወዳዳሪዎቹ ግን ሁለቱንም ዕቃ ወደዱ። ትንሹን ሞተር "ሚጀት" በሚባሉት ትናንሽ የውድድር መኪኖች ላይ ገጠሙት፤ ቀላሉን አክስል ደግሞ ውድድር ላይም ሆት ሮድ ላይም አስገቡት። በኢንዲያናፖሊስ ስሙ የገነነው ኩርቲስም በ1950ዎቹ የውድድር መኪኖቹን የሠራው በቱቦ የፊት አክስል ነው። የቆጣቢ ሰው መኪና ዕቃ የነበረው ያ የ1937 ቱቦ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ በፋኖስ የሚፈለግ ሆኗል። ስለዚህ "ቱቦ ባህላዊ አይደለም" የሚል ሰው ታሪኩን አላነበበም።

ነገር ግን ፎርድ ቱቦውን ሲሰጥ ፈረሰኛውን አልቆረጠም። ከኋላ አንድ ኳስ ነበረ። ሦስት ጉልቻ ነበረ። ቱቦው እንዲጠመዘዝ ማንም አልጠየቀውም፤ ጠንካራነቱም ማንንም አልጎዳም። የቱቦው ወዳጆች የሚያወጡት ፎቶ እውነት ነው፤ ፎቶው የማይናገረው የዘንጎቹ ጫፍ የት እንደሚያርፍ ነው።

ከዚያ 1970ዎቹ መጡ። ፒት ቻፖሪስና ጂም ጃኮብስ የተባሉ ሁለት ካሊፎርኒያውያን በ1974 ሱቅ ከፍተው "አራት ዘንግ" የሚባለውን አሠራር በሰፊው ያሠራጩ ሰዎች ናቸው። በእያንዳንዱ ጎን ሁለት እኩል የሆኑ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ የተቀመጡ ትይዩ ዘንጎች ይኖራሉ፤ አራቱም ከፊትም ከኋላም ይዞራሉ። የድሮ ባለሱቅ ሚዛን ሳህኑ ሲወጣና ሲወርድ እንደማያዘነብል ሁሉ የአክስሉም ጫፍ ወደ ላይ ሲሄድ ወደኋላ አይዞርም። መዞር ከሌለ መጠምዘዝ የለም። መጠምዘዝ ከሌለ ቱቦው ከማንም ጋር አይጣላም። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይዋልል ብዙ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ዘንግ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ንጹሕ፣ የተረጋጋ አሠራር ነው። በምሕንድስናው የሚከራከር የለም።

መልኩ ላይ ግን ይከራከራሉ። አራት ዘንግ ያያችሁ እንደሆነ 1970ዎቹ ግንባሩ ላይ ተጽፎበታል። ባህላዊ መኪና የሚሠራ ሰው ይህን አይፈልግም፤ በዚህም አይፈረድበትም። የሚፈልገው የተቆረጠውን ፈረሰኛ ወይም የፀጉር ማስያዣውን ነው። ከዚያ ካታሎጉን ያገላብጣል። አዲስ የቱቦ አክስል ብዙ ጊዜ ከአይ ቢሙ ይረክሳል፤ ያብረቀርቃል፤ "በ1937ም ነበረ" የሚል ምስክር አለው። ይገዛዋል። በዚህ መንገድ የአንዱ ዘመን ዘንግ ከሌላው አሠራር አክስል ጋር ይጋባል፤ ሊጋቡ የማይገባቸው ሁለቱ ብቻ ተመርጠው ማለት ነው። ባህል ጠባቂው ቱቦውን መጥላቱ ልክ ነበር፤ የጠላበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። የቱቦው ጠበቃ ታሪኩ ልክ ነበር፤ የሚከላከልለት መኪና ግን ልክ አይደለም።

"ሠላሳ ዓመት ነድቼዋለሁ፣ ምንም አልሆነም" የሚል ሰው አይጠፋም። ውሸታም አይደለም። ዝቅ ተደርጎ የተሠራ ሆት ሮድ የፊት ጎማው የሚወጣበት ቦታ ትንሽ ነው፤ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። መንገዱ ለስላሳ ነው። መኪናው ከጋራዥ የሚወጣው ለእሑድ ሽርሽር ነው። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ጎማ የድርሻውን ይውጣል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው አራቱን ዲግሪ ወደ ሁለት ያወርዱታል፤ ብየዳውም በጎበዝ እጅ ከተሠራ ዕድሜ ይኖረዋል። "ነገ ይሰበራል" የሚለው ማስፈራሪያ የተጋነነ ነው። ሆኖም አለመሰበሩ አሠራሩ ልክ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ያ ሰው መኪናውን ሸጦት አዲሱ ባለቤት መገጣጠሚያውን ጠንካራ በሆነ ቢቀይረው፣ ረጅም ጉዞም ቢያዘወትርበት፣ ሒሳቡ ሌላ ነው። ደግሞም የሚሰበረው የበር ማጠፊያ አይደለም። ፍሬን ሲያዝ አክስሉ እንዳይዞር የሚይዘው እነዚያ ዘንጎች ናቸው። አንዱ ቢለቅ መሪው የሹፌሩ መሆኑ ያበቃል።

አይ ቢሙን መልአክ ማድረግም አያዋጣም። መኪናውን ለማውረድ የድሮዎቹ ሰዎች የፎርድን አክስል ጫፍና ጫፉን በእሳት አግለው እየሳቡ ወደ ላይ ያጎብጡት ነበር። በዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ኤድ ስቱዋርት የሳን ዲዬጎ ሰው ነበር፤ አክስሉም ከከተማዋ ስም የተቆረጠ ቅጽል ወጥቶለት ነበር። (ቅጽሉ ጣልያኖችን መስደቢያም ስለሆነ አሁን ብዙዎች ትተውታል።) ብረት ሲሳብ ይሳሳል። ከዚያ ሌላው መጥቶ ለውበትና ለክብደት ብሎ መሐሉን በመሰርሰሪያ ይበሳሳዋል። ሌላው ክሮም ያስነክረዋል። ሰማንያ ዓመት ያለፈው፣ በማን እጅ እንደተሳበ የማይታወቅ፣ እንደ ወንፊት የተበሳ "ኦሪጅናል" አክስል ፎቶ ላይ እጅግ ያምራል። ዛሬ አዲስ ከሚሸጡት አይ ቢሞች ውስጥም የተቀጠቀጡ ሳይሆኑ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ፈስሶ የተሠሩ አሉ። ከሁለት እርምጃ ርቀት ልዩነታቸው አይታወቅም፤ ሲጠመዘዙ ግን ጠባያቸው አንድ አይደለም።

አስገራሚው ነገር፣ ባህሉን የፈጠሩት ወጣቶች ባህል የሚባል ነገር ጉዳያቸው አልነበረም። በ1946 የ1937ን ቱቦ ከወዳደቀ መኪና ላይ የፈታው ልጅ የዘጠኝ ዓመት ዕቃ ነው የፈታው፤ አዲስ ነገር ነበር ለእሱ። የተሻለ ዕቃ ቢያገኝ የቀደመውን አውልቆ ይጥለው ነበር። ፈረሰኛውን የቆረጠው ሞተሩ አልገባ ስላለው እንጂ ጎኑ ሲታይ ስለሚያምር አይደለም። ዛሬ የእሱን መኪና ብሎን በብሎን የሚቀዳው ሰው ከእሱ የበለጠ ገንዘብ፣ ከእሱ የበለጠ መሣሪያ አለው። የሚጎድለው ያ ልጅ ከሻንሲው ሥር ተንጋልሎ ያየው ነገር ነው፤ የትኛው ብረት ሲንቀሳቀስ የትኛው እንደሚጎተት።

ያንን ማየት ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። መኪናውን ጨርሶ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሻንሲውን በመቆሚያ ላይ አስደግፎ፣ ባሌስትራውን ፈትቶ፣ ሁለቱ ጎማዎች መሬት ላይ እንዳረፉ አንዱን ብቻ በክሪክ ቀስ እያለ 7 ሴንቲ ሜትር ያንሳ። ፈረሰኛው ያልተቆረጠ ከሆነ ወይም አራት ዘንግ ከሆነ አንደኛው ጎማ ይነሳል፣ ሌላው ባለበት ይቀመጣል። የተቆረጠ ፈረሰኛ በአይ ቢም ከሆነ ክሪኩ ትንሽ ይከብዳል፤ ሌላኛው ጎማ ግን መሬቱን አይለቅም። የተቆረጠ ፈረሰኛ ወይም የፀጉር ማስያዣ በቱቦ ከሆነ ክሪኩ የገባው በግራ ነው፤ ማንም ሳይነካው የሚነሳው ግን የቀኙም ጎማ ነው።